ኔትወርክ የማይጠፋበት ስልክ

እናቴ ከክፍለ ሀገር መጥታ አውቶቡስ ተራ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ስልኳን ብሞክር ብሞክር እምቢ አለኝ። ብግን ብዬ አንዋር መስጊድ አጠገብ ካለ የሞባይል ሱቅ ገባሁና ባለሱቁን «ኔትወርክ የማይጠፋበት ስልክ ስጠኝ!» አልኩት። «ይኸው ጋሼ፣ ይሄ ሁለት ሲም ይይዛል። አንዱ እምቢ ሲል በሌላው መደወል ነው» አለኝ። «ሁለቱም ሲም የአንድ መሥሪያ ቤት አይደል እንዴ? አገሩ ላይ ሌላ አለ?» አልኩት፤ ያኔ የስልክ መሥሪያ ቤት አንድ ብቻ ነበርና።

«ቢሆንም ምርጫ ነው» ብሎ የኔንም የራሱንም ሲም ከተተበት። በኔው ደወልኩ፤ ያቺ የማትደክም ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» አለችኝ። በሱ ደወልኩ፤ ያቺው ሴትዮ በዚያው ድምፅ ያንኑ ደገመችልኝ። አፍጥጬ አየሁት። እሱ ምን ገዶት! ጎንበስ ብሎ ሌላ ካርቶን አወጣና «አይናደዱ ጋሼ፣ ሦስት ሲም የሚይዝም አለኝ» አይለኝ መሰላችሁ!