ሚስቴ አታዋራኝም

ከጊንጪ ወደ አምቦ የሚሄድ ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ይተዋወቃል። ያን ዕለት ከጎኔ የተቀመጡት ኦቦ ኦሊቃ የሚባሉ የደንዲ ገበሬ ነበሩ፤ በመስኮቱ በኩል ባለቤታቸው ወይዘሮ ድንቅቱ ነበሩ። ሽማግሌው አንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር እንደ ጸሎት ይደጋግማሉ፦ «ማይ ዋይፍ ደዝ ኖት ቶክ ቱ ሚ።»

ነገሩን ብጠይቃቸው አጫወቱኝ። ወይዘሮ ድንቅቱን ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ታስሯል። በአምቦ ለጥቂት ቀን የመጣች የውጭ አገር ሐኪም አለች፤ ንግግር የጠፋባቸውን እየመረመረች ይሻላቸዋል የምትላቸውን ለልምምድ ትመርጣለች። ቦታው ጥቂት ነው። ኦቦ ኦሊቃ በወጣትነታቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋልና የባለቤቴን ጉዳይ ለአስተርጓሚ አልተውም ብለው ተነሥተዋል። እንዲህ ያለ ባል ስንት አለ ብዬ በልቤ አደነቅኋቸው።

ከፊታችን ተቀምጣ የነበረች ወጣት ዘወር አለች። ጃለኔ ትባላለች፤ አምቦ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከእማማ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?»

«ምን አጣላን፣ ልጄ?»

«ያጠኑት ዐረፍተ ነገር ተጣልተናል ይላል። አኩርፋ አታዋራኝም ማለት ነው።»

ኦቦ ኦሊቃ ቅር አላቸው። በእሳቸው ዘመን መምህሩ ቶክ ማለት መናገር ነው ብሎ በሰሌዳ ጽፎ፣ ያላጠናውን በአለንጋ እየገረፈ እንዳስተማራቸው ነገሯት። «ሴይም ሆነ ቴል፣ ስፒክም ሆነ ቶክ፣ ሁሉም የሚወጣው ከአንድ አፍ ነው» አሉ። «ሐኪም አይደለችም እንዴ? አይታ ይገባታል።»

ትንሽ ተምሮ ትምህርቱን በሽማግሌ ፊት ላይ የሚወረውር ሰው ብዙ አውቃለሁ። ይህች ልጅ ግን መልሳ በጥያቄ መጣች።

«ጎረቤትዎ ሚስቴ አታዋራኝም ቢልዎ ምን ያደርጉለታል?»

«ሽማግሌ ይዤ እሄድለታለሁ።»

«ሚስቴ መናገር አቃታት ቢልዎስ?»

«ሐኪም ቤት እንውሰዳት እላለሁ» አሉ። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ወይዘሮ ድንቅቱም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ኦቦ ኦሊቃ አገጫቸውን እያሻሹ፣ «ለካ ሽማግሌ ላስልክ ኖሯል የምሄደው» አሉ።

«ልዩነቱንማ ያውቁታል» አለች ጃለኔ። «በአማርኛም በኦሮምኛም ሲለዩት ኖረዋል። ቶክ ማውራት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስፒክ መናገር ነው፤ አንደበት ካለ አለ፣ ከሌለ የለም።»

ቀጥለው ደግሞ ኦቦ ኦሊቃ «አለችኝ» ለማለት «ሴድ ሚ» ይባል እንደሆነ ጠየቋት። ሁላችንም የምንደናቀፈው እዚያ ላይ መሆኑን ነገረችን። የእኛ ግስ፣ «አለችኝ» እንደሚለው፣ የሚነገረውን ሰው በጉያው ይዞት ይሄዳል፤ የእንግሊዝኛው ሴይ ግን አጥብቆ የሚይዘው የተባለውን ቃል ነው። ሰውየውን የሚይዘው ቴል ነው፤ ስለዚህ «አለችኝ» ለማለት «ቶልድ ሚ» ይባላል።

«እማማ ጨርሶ ምንም አይሉም?»

«እሺ ትላለች። ሲርባትም እሺ፣ እምቢ ስትልም እሺ።»

«እንግዲያው እሱ ሴይ ነው።»

ይሁንና ሽማግሌው ገና አልተረቱም። በዚህ ሽበት ሦስት ቃል ተሸክመው ሐኪሟ ፊት ከሚደናገሩ የለመዷትን አንዷን ይዘው ቢገቡ እንደሚሻላቸው ተናገሩ። ፍርሃታቸው ተራ ግትርነት አልነበረም፤ ለባለቤታቸው ነበር የፈሩት። ጃለኔም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባ፣ ሐኪም የሚያክመው የነገሩትን ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ኩርፊያ ከነገሯት እማማ ሳይመረጡ ይመለሳሉ።»

ወይዘሮ ድንቅቱ የባላቸውን ጉልበት መታ መታ አድርገው «እሺ» አሉ።

«አንቺ ካልሽማ» አሉ ኦቦ ኦሊቃ፣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም። በይ አስተምሪኝ፣ ልጄ።» እስከ አምቦ ድረስ ሲያጠኑ ሄዱ።

ጃለኔ ክፍል ስለነበራት መናኸሪያው ላይ ተሰናበተችን። እኔ ወይዘሮ ድንቅቱን ደግፌ ሐኪሟ ዘንድ አብሬያቸው ገባሁ። ሐኪሟ ምን እንደሆኑ ጠየቀች፤ ነርሷ ልታስተረጉም አፏን ስትከፍት ኦቦ ኦሊቃ እጃቸውን አነሡ።

«ሺ ካን ኖት ስፒክ» አሉ ቀስ ብለው። «ሺ ሴይስ ኦንሊ እሺ።»

እዚህ ላይ ቆሙ። ጠፋባቸው ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ባለቤታቸውን ሲያዩ ኖሯል።

«በት ሺ ቴልስ ሚ ኤቭሪቲንግ።»

መናገር አትችልም፤ የምትለው እሺ ብቻ ነው፤ ግን ሁሉን ትነግረኛለች ማለታቸው ነው። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ማንም አላስተማራቸውም።

ሐኪሟ እስከዚያ ድረስ ታይ የነበረው ኦቦ ኦሊቃን ነበር። አሁን ወንበሯን ስባ ከወይዘሮ ድንቅቱ ፊት ተቀመጠች። መስኮቱን እንዲያሳዩ፣ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ በነርሷ በኩል ጠየቀቻቸው፤ ሁሉንም አደረጉ። ሰው የሚነግሩት ነገር ከገባው አንደበቱን ማለማመድ እንደሚቻል ነርሷ ገለጸችልን።

አንባቢ ሆይ፣ ቃልን በየቦታው ማወቅ ለጉራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት ሌላ ነው። አንድ ቃል ቦታውን ቢስት ኖሮ እኚህ ሴት ከነሕመማቸው ወደ ቤታቸው ይሸኙ ነበር። ሽማግሌ ከልጅ ቢማር ክብሩ አይጎድልበትም፤ ልጅም በአክብሮት ካስተማረ ትምህርቱ ልብ ይገባል።

በመጨረሻ ሐኪሟ ወይዘሮ ድንቅቱን ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ከታመሙ ጀምሮ ይህን የጠየቃቸው ሰው ያለ አልመሰለኝም። ጥቂት አሰቡና የባላቸውን ከንፈር በጣታቸው ነኩ፤ ከዚያም የራሳቸውን።

ነርሷ ግራ ተጋባች። ኦቦ ኦሊቃ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ሐኪሟን አዩ።

«ቶክ» አሉ። «ሺ ዎንትስ ቱ ቶክ ቱ ሚ።»

ሐኪሟ የወይዘሮ ድንቅቱን ስም ጽፋ ለማግስቱ ልምምድ ቀጠረቻቸው።