ቆሞ የሚያልቅ ቤንዚን

ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ስለ ሞተር ሳይክል ያወራሉ። አንዱ አፋር ውስጥ አፋምቦ ወረዳ የተመደበ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ሌላው እዚያው ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ትልቁን ልግዛ ትንሹን?»

«ትንሹን። ቤንዚን አይበላም፤ ጎማውም ገበያ ላይ አይጠፋም።»

«በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?»

«እሱ እንደምታገኘው ሰው ነው።»

«እንዴት?»

«አፋር መንገድ ላይ ካገኘህ ዳጉ ይጠይቅሃል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይልሃል። ቆመህ ትመልሳለህ፤ አንተም ትጠይቃለህ። ሞተሩን ካላጠፋህ ቤንዚንህ ቆሞ ያልቃል።»

«ለእያንዳንዱ ሰው ላጠፋ ነው?»

«ለእያንዳንዱ። ስለዚህ በቁልፍ የሚነሳውን ግዛ፤ በእግር መምታቱ ያደክምሃል።»

«እጄን አውለብልቤ ባልፍስ?»

«እኔም አንድ ቀን ቸኩዬ እንደሱ አድርጌ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ሰውየው ሊነግረኝ የፈለገው ለካ ወንዙ መሙላቱን ነው። ሞተሬን ጎርፍ ወሰደው። እኔን ጎትቶ ያወጣኝም እሱው ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ተቆጣዎት?»

«ኧረ ወላሂ! ልብሴን እየጨመቅኩ ሳለሁ ‹ከየት መጣህ?› ብሎ ጀመረ።»

ከአዋሽ ጀምሮ ‹ከየት መጣህ?› እንኳ ሳልለው አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ገና ያኔ ዞር ብዬ አየሁት።