ሰባ ሁለት ከሆነ ደህና ነሽ

ነይ ካልቱማ፣ እዚህ እኔ አጠገብ ተቀመጪ። ወተቱን ለልጆቹ ሰጠሻቸው? እሰይ። እናንተ መንደር ኡራን ዘነበ አሉ፤ ግመሎቹ ጠገቡ? እዚህማ እንደምታዪው ነው፣ አቧራና ፀሐይ። የለቅሶው ድንኳን እንኳ አልከለለንም…

ደግ ሰው ነበሩ፣ እማማ እታለማሁ። አንቺም ወተት ስታመላልሺላቸው፣ እኔም ከሆቴሌ ሾርባ ሳመጣላቸው ከረምን። ምን እናድርግ? ያልተማርን ጎረቤቶች ነን፤ የምንችለው አጠገብ መቀመጥ ብቻ ነው።

የተማረ ሰው ግን ሌላ ነው። አንድ ምሁር አለ… ስሙ ምን ያደርጋል? እዚያ ጥግ ስልኩን የሚነካካውን ማለቴ እንዳይመስልሽ። ናይሮቢ ላብራቶሪ ገብቶ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይሠራል። ፕላስቲክ እኮ ነው የምልሽ! እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ደረት ላይ ተለጥፎ የልብ ምት የሚያዳምጥ። ታዲያ እናቱ ታመው "ናልኝ" ሲሉት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፕላስቲኩን ከነቁጥር ማሳያው በሎሪ ላከላቸው። እንዲህ ያለ አሳቢ የት ይገኛል? መንገዱ ወገብ ይሰብራላ! ፕላስቲክ ደግሞ ወገብ የለውም…

"አየርና እርጥበት ያበላሸዋል፣ ተጠንቀቂ" አላቸው በስልክ። እሳቸውስ? የልጃቸው እጅ የሠራው ነው። የሞያሌ ሰው የከበረ ነገር እንዴት እንደሚጠብቅ ይጠፋዋል? ሁላችንም ኪታምቡሊሾአችንን፣ መታወቂያችንን፣ የክርስትና ካርዳችንን የምናሸግበት የሻሪፍ ፎቶ ቤት ወስደው ላሚኔት አስደረጉት! ሽቦው ብቻ ከሽፋኑ ውጭ ቀረ። ከዚያ በመቀነታቸው ደረታቸው ላይ አሰሩት።

ቁጥሩ ሰባ ሁለት አለ። ሲተኙም ሰባ ሁለት፣ ሲያስሉም ሰባ ሁለት። መደወሉንማ ይደውላል፣ አልዋሽም። "መቼ ትመጣለህ ልጄ?" ይሉታል። "እማዬ፣ ቁጥሩ ስንት ይላል?" ይላል። እኔ አነብለታለሁ። "በጣም ጥሩ፣ ደህና ነሽ!"

እግራቸው አብጧል፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል ብዬ ነግሬው ነበር። "እትዬ ዘርፌ፣ መሣሪያ ከዓይን ይበልጣል" አለኝ። ልክ ነዋ! ዓይን ያለቅሳል፤ መሣሪያ የለቅሶ ጣጣ የለበት…

ስንገንዛቸው ከደረታቸው ላይ የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ካልቱማ። ሰባ ሁለት ይል ነበር።

ለቀብር አልደረሰም፤ ሥራ ይኖርበታል። ትናንት ገባ። መጀመሪያ የጠየቀው ምን ይመስልሻል? መቃብራቸውን? ሲያጣጥሩ የጠሩትን ስም? አይ… "ማነው ላሚኔት ያደረገው? ቆዳ ካልነካ እኮ አይሠራም፤ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይቀራል!" ተመልከቺ እንግዲህ፣ ትምህርት ማለት ይሄ ነው! ቆዳ ካልነካ አይሠራም… እኛ ጀርባቸውን ስናሽ፣ ስናገላብጣቸው የከረምነው እንዲያው በድንቁርና ነው፤ ማንም አላስተማረንም።

ምን ትቆነጥጪኛለሽ? ቢሰማስ? ሰው በቁሙ ሲመሰገን ደስ ይለዋል እንጂ ይከፋዋል?

ደግሞም ልመርቀው። ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ እንደ እናቱ ይሽበት፣ እንደ እናቱ ይከበር። አልጋ ላይ የዋለ ቀን፣ በሩን በሩን ሲያይ… ልክ እንደ እሱ የተማረ፣ ልክ እንደ እሱ አሳቢ ልጅ ይስጠው።

አሚን በይ እንጂ፣ ካልቱማ።