ደህና አደሩ ያላለ ኢምፓናዳ አይገዛም

የሰደበችኝ ዳርሊን ሞስኬራ ናት። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ከሩብ፣ ቦታው ኪብዶ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ባለው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ የገዛ ኪዮስኬ ፊት ለፊት ነው።

«ዶን ኤውክሊደስ፣ ለናይቤ ትልቁ እንቅፋት እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ብዙ ተብያለሁ፤ ማን እንዳለኝ ብቻ ሳይሆን ምን ለብሶ እንደነበርም አስታውሳለሁ። እንቅፋት ግን ተብዬ አላውቅም።

ዳርሊን ከዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የተላከች የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ናት፤ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ትረዳለች። ናይቤ ደግሞ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ትሰማለች፣ ይገባታል፣ ከአፏ ግን ቃል አይወጣም። እኔ ደግሞ እንደ ሳምቡሳ የሚጠበሰውን ኢምፓናዳ እሸጣለሁ፤ ያለኝ አንድ ሕግ ነው። መስኮቴ ላይ በቀይ ቀለም ጽፌዋለሁ፦ «ደህና አደሩ ያላለ ኢምፓናዳ አይገዛም።»

«ልጅቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእረፍት ሰዓት ጦሟን ውላለች። እናቷ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ከትምህርት ቤት አስቀራታለሁ ብላለች» አለች ዳርሊን።

«ደህና አደሩ ትበል፣ ትብላ!»

«መናገር አትችልማ!»

«ስሚ ልጄ፣ አራተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ስለተማርኩ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። በእኛ ጊዜ መጀመሪያ የምንማረው ሰላምታ ነበር። የዛሬዎቹ ግን እንደ በቀቀን ‹ስጠኝ! ስጠኝ!› ነው። እኔ ማሽን ነኝ?»

«አይደሉም። ክብር ይገባዎታል።»

ይህን ስትል ትንሽ ለስለስ አልኩ። ለካ ወጥመድ ነው።

«ርዕሰ መምህሩ ዶን ሄራርዶ ከእርስዎ ይገዛሉ?»

«በየቀኑ።»

«ደህና አደሩ ይላሉ?»

የመጥበሻውን ዘይት ማማሰል ጀመርኩ። ዘይት እንደማይማሰል አውቃለሁ።

«ዶን ኤውክሊደስ?»

«ጣቱን ያሳያል።»

«ስንት ጣት?»

«ሁለት።»

«እንግዲህ መናገር የሚችለው ዝም ብሎ ይበላል፤ የማትችለዋ ዝም ስላለች ትራባለች?»

እውነቱን ልጻፍ። ዶን ሄራርዶ የነፈገኝን ክብር ከስምንት ዓመት ልጅ ሳስከፍል ከርሜያለሁ። ይህን ግን ለዳርሊን አልነገርኳትም።

«እና ምን ላድርግ? ልጸልይላት?»

«ባንኮኒውን ሁለት ጊዜ መታ መታ ታድርግ። የእሷ ደህና አደሩ ያ ይሁን።»

«እንደ ፖሊስ?»

«እንደ ጎረቤት።»

በማግስቱ ናይቤ መጣች፤ ግድግዳውን እያየች ሁለት ጊዜ መታች።

«አላየችኝም እኮ!» አልኩ።

«እርስዎን ማየት የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሥራችን ነው» አለች ዳርሊን።

ኢምፓናዳውን ሰጠኋት። እዚያው ቆማ ጨረሰችና እንደገና ሁለት ጊዜ መታች። ምስጋና ይሁን ጨምርልኝ አልገባኝም፤ ደገምኩላት።

ሐሙስ ዕለት ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይመታ ነበር። ሕጌን አልሻርኩትም፤ አሰፋሁት። «ወይም መታ መታ ያላደረገ» ብዬ ከሥሩ ጨመርኩበት። ዓርብ የናይቤ እናት መጣች፤ ከአጥር ማዶ ቆማ ልጇ ስትበላ አየችና ቢሮ ሳትገባ ተመለሰች።

እናንተም ሱቅ ወይም ቢሮ ከፍታችሁ ሰላምታ የምትጠብቁ ሁሉ፣ ሰው በሚችለው መንገድ ይስጣችሁ። ልጅ ይጠግባል፣ ጩኸት ይበርዳል፣ ወረፋ ይፈጥናል። ከእፍረት የተነሳ አንድ ቀን እንኳ መስኮቴ ጋ ደርሰው የማያውቁ ልጆች አሁን ተሰልፈው ይመጣሉ። የእኔም ትሪ ደወሉ ሳይደወል ባዶ ይሆናል።

ያን ዕለት ዶን ሄራርዶም መጣ። ሁለት ጣቱን አሳየኝ። እኔ ደግሞ ጽሑፉን አሳየሁት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ደህና አደሩ ነዋ። መናገር ከከበደዎት መታ መታ ማድረግም ይቻላል።»

ከኋላው የተሰለፉት ልጆች ሊሰሙ ጠጋ አሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

በክርኑ ሥር አንዲት ትንሽ እጅ ሾልካ ባንኮኒውን ሁለት ጊዜ መታች። የናይቤን ኢምፓናዳ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋትና፣ ርዕሰ መምህሩን ሁለት ጣቱን እንደዘረጋ ትቼ፣ የዕቃ ማጠቢያ ባልዲዬን አንስቼ ውኃ ልቀዳ ወደ ወንዙ ሄድኩ።