ሸካራው ሴራሚክ

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚኒባስ ስንወርድ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሴት አንድ ሴራሚክ ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ጠየቋት።

«ለሳሎን ነው ልጄ?»

«ለመታጠቢያ ቤት ነው፣ አባባ፤ ይሄ ናሙናው ነው።»

«ምነው እንዲህ ሻከረ? የሚያብለጨልጨው አያምርም?»

«ያምራል። ባለቤቴ እሱን መርጦ አስነጠፈና እናቴን አንሸራተታት፤ ዳሌዋ ተሰበረ።»

«እኔን! ተሻላቸው?»

«ትራመዳለች። ግን በዚህ ሙቀት እንኳ ሰው ካልያዛት አትታጠብም። እኔ ልጇ ፊት ራቁቷን መቆም እያሳፈራት ታለቅሳለች።»

«ባልሽስ ምን አለ?»

«ያማረውን ቤት ልታበላሺው ነው አለኝ። እኔ ግን ነቅዬው ነው የመጣሁት።»

«ራስሽ?»

«በመዶሻ! ይሄ ሸካራው ሲነጠፍ እናቴ በሩን ከውስጥ ቆልፋ፣ ብቻዋን ትታጠባለች።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለቱን ግን ትቼ፣ ወሬዋን እያዳመጥኩ አለፍኩት።