ለሰባት ምስክር አራት በግ

ጦርነቱ ካርቱምን ከመበተኑ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ አቶ ይስማው ሪያድ ሰፈር መንገድ ዳር ከበግ ጋር ግብግብ ገጥመው ነበር። በጉን ጭኖ ያመጣላቸው ነጋዴ እዚያው አራግፎላቸው ሄዷል። ዐማራት ካለው ምግብ ቤታቸው የሚያደርሳቸው ባለሦስት እግር ረክሻ ደግሞ በነዳጅ እጦት ጠፍቷል። በስንት ጊዜ አንዱ ቢቆም ከውስጥ ገሊላ ተቀምጣለች። ገሊላ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ካርቱም ተወልዳ፣ እዚያው ሕግ ተምራ፣ አንድ ጠበቃ ዘንድ በአስተርጓሚነት ትሠራለች። አማርኛዋ በዐረብኛ የተለወሰ ስለሆነ አቶ ይስማው ሲሰሟት ሁልጊዜ በሆዳቸው ያዝኑላታል።

"ያላ፣ ይግቡ ጋሼ፤ በጉም ይግባ" አለቻቸው። በጉ በሁለቱ መሃል ተቀመጠ። ድግስ አለ ወይ ብላ ብትጠይቃቸው "ለሙግት ነው" አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰርክአዲስ ከሃያ አንድ ዓመት ትዳር በኋላ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከተማው ዳር ሶባ፣ ጓደኛቸው ዘንድ ገብተዋል። ፍቺ ይፈልጋሉ። የራሳቸውን ሥራ እስኪጀምሩም ለሁለት ዓመት በየወሩ ሠላሳ ሺህ የሱዳን ጊኒ ቀለብ እንዲቆረጥላቸው መልእክት ልከዋል። አቶ ይስማው የመለሱት "መህከማ፣ ዳኛ ፊት እንገናኝ" ብለው ነው። ድሃ መሆናቸውን የሚያስረዱ ሰባት ምስክሮችም አሰናድተዋል። ምስክር ደግሞ በአገራቸው ወግ በባዶ ሆዱ አይመሰክርም፤ እሳቸውም ድህነታቸውን ለማስመስከር እሁድ እሁድ በግ ያርዳሉ።

"ይሄ ስንተኛው ነው ጋሼ?" አለች ገሊላ።

"አራተኛው።"

"ስንት ገዙት?"

"እንደ ሌሎቹ ስልሳ ሺህ።"

"እንግዲህ ይሄኛው ሲጨመር የእትዬ ሰርክአዲስን የስምንት ወር ቀለብ ምስክሮቹ በልተውታል።"

አቶ ይስማው በጉን አዩት፤ በጉም አያቸው። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። "ሒሳብ ሌላ፣ ክብር ሌላ ነው ልጄ። አባቴ በአንድ የድንበር ነገር አሥራ አንድ ዓመት ተሟግተው ረትተዋል" አሏት። መሬቱ ዛሬም እንዳለ ስትጠይቃቸው ለምስክር ድግስ የተበደሩትን ለመክፈል እንደተሸጠ ነገሯት። "ግን ረትተዋል" አሉ ደረታቸውን ነፍተው። ሰው አባቱ የገባበትን ጉድጓድ እንደ ርስት ሲወርስ ያሳዝናል።

ገሊላ ግን አልሳቀችባቸውም። "ጋሼ፣ ረቱ እንበል" አለች። "ወረቀት ሲሟላ፣ ቀጠሮ ሲቀጠር ዓመት ያልፋል። እስከዚያ ለጠበቃ፣ ለማመልከቻ ጸሐፊ፣ ለበግ እርስዎም ይከፍላሉ፣ እትዬም ይከፍላሉ። ቁጭ ብላችሁ፣ ያላችሁን ሳትደባበቁ ቆጥራችሁ፣ ስንት፣ እስከ መቼ፣ በየትኛው ቀን የሚለውን ብትጽፉት ግን አንድ ከሰዓት ይበቃል። እኔ እጽፈዋለሁ፣ ጠበቃችን ያየዋል።"

አቶ ይስማው የበጉን ገመድ እጃቸው ላይ ጠቀለሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ገንዘቡ አይደለም" አሉ። "ሰው ፊት ቆማ፣ ክፉ ባል አልነበረም እንድትል ነው የምፈልገው።"

"ዳኛው እሱን አይጠይቅም ጋሼ። በወር ስንት ታገኛለህ ነው የሚለው።"

ይህ አንጀታቸው ገባ። ሆኖም አፋቸው እሺ ሳይል ምግብ ቤቱ ደጃፍ ደረሱ። ሰባቱ ምስክሮች ቢላዋ ስለው ይጠብቋቸዋል። ዋናው ምስክር ቢልልኝ የበጉን ጀርባ ዳበሰና "ይሄኛው ጮማ አለው" አለ። ቀጥሎም ቀጠሮው ሁለት ወር ቢገፋ ምስክርነቱ ይበልጥ ይበስላል ሲል መከረ፤ ስድስቱም በአንድ ድምፅ ተስማሙ። አቶ ይስማው ሰባቱን በየተራ አዩዋቸው። እነዚህ ሰዎች ድህነቴን ሊመሰክሩ ሳይሆን ሊያመጡት ነው የተሰበሰቡት ብለው አሰቡ። ለሾፌሩ እጥፍ ከፍለው፣ ከነገሊላና ከነበጉ ወደ ሶባ ዞሩ።

ወይዘሮ ሰርክአዲስ በጉን ሲያዩ መደለያ መስሏቸው ተቆጡ። ገሊላ ግን አረጋግታ አስቀመጠቻቸው፤ ወረቀትም አወጣች። አቶ ይስማው በመጀመሪያ ምግብ ቤቱ ምንም አያስገባም አሉ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሽንኩርቱን የገዙት፣ ወጡን የሠሩት ወይዘሮ ሰርክአዲስ ሳቁባቸው፤ አቶ ይስማውም አፍረው እውነተኛውን ገቢ ተናገሩ። ወይዘሮዋም እውነት ለእውነት ብለው፣ ትልልቆቹን ድስቶች ካገኙ ሥራ ቶሎ ስለሚጀምሩ ዓመት ከመንፈቅ ይበቃኛል አሉ። አንድ ነገር ብቻ ከበዳቸው። "ሠላሳ ሺህ ዛሬ ግማሽ በግ ይገዛል፤ ጊኒው እንዲህ ከወደቀ ከርሞ እግሩንም አይገዛ" አሉ። ስለዚህ ፍቺው በስምምነት፣ ድስቶቹ ለወይዘሮዋ፣ ቀለቡም በየወሩ መጀመሪያ የግማሽ በግ ዋጋ፣ ለአሥራ ስምንት ወር ተብሎ በአማርኛም በዐረብኛም ተጻፈ። ሁለት ምስክር በቃ፤ ሁለቱም የጠጡት ሻይ ነው።

አቶ ይስማው ብዕሩን እንደያዙ ቆዩ። "ሰርኬ፣ ክፉ ባል ነበርኩ?"

ወይዘሮ ሰርክአዲስ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ክፉስ አልነበርክም። ደሞዝ አትከፍልም ነበር እንጂ።"

ፈረሙ። በጉም የሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያ ሆኖ ጓሮ ታሰረ።

በመንፈቁ ቢልልኝ ሚስቱ ፍቺ ጠይቃው፣ ምስክር ፍለጋ አቶ ይስማው ዘንድ መጣ። ሻይ አዘዙለትና አጠገቡ ተቀመጡ። "ተው" አሉት። "ብንሟገት ኖሮ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ቀርተን፣ መንገድ ላይ ፊት እንዟዟር ነበር። አሁን እሷ ሶባ ሆስፒታሉ አጠገብ ምሳ ቤት ከፍታለች። እኔም የምከፍለውን ስለማውቅ ተረጋግቼ እተኛለሁ። ገንዘቡን ይዤ ስሄድ ደህንነቷን እጠይቃለሁ፣ ምሳም እበላለሁ።"

"በነፃ?"

"ታስከፍለኛለች" አሉ አቶ ይስማው። "ከእኔ ቤት ይወደዳል፤ ወጡ ግን ይሻላል።"