ለሥልጠና እምቢ ያለችው እንቁራሪት

ክቡራትና ክቡራን፣ ጓድ ርዕሰ መምህር፤

ለዚህ ግብዣ የደከማችሁትን ሁሉ፣ በተለይ ወይዘሮ ትሩፋትን፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ቡት ጫማውም እግዜር ይስጥልኝ። ኑሮዬን ለቡ ላደርግ መሆኑን ሰምታችሁ ነው፤ ጭቃውን ታውቁታላችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሮ ቡት የተሸለመ ሰው ግን ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

የጡረታ ደብዳቤዬ ትናንት ተፈርሟል። ይህን የምነግራችሁ፣ ድፍረቱን ከየት አመጣው እንዳትሉ ነው። አንድ ውሸት አለብኝ፤ እሱን ሳልናዘዝ ከዚህ ግቢ መውጣት አልፈልግም።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ስለ ዓይን ሳስተምር፣ "ሕፃን ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ፣ ምንም ነገር ሳያይ፣ ከዓይኑ የሚነሡት የነርቭ ክሮች አንጎል ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። መሪዎቹ ጂኖች ናቸው፤ ቀበሌ ለየቤቱ ቁጥር እንደሚሰጠው፣ ለየክሩ መድረሻውን የሚያውቅበት ምልክት ያዘጋጁለታል" አልኩ።

ሰኞ ዕለት የውይይት ክበባችን ሰብሳቢ ጓድ መኩሪያ፣ ያው እዚያ ጋ ተቀምጦ ይስቃል፣ ተነሣና "ታዲያ ሰውን የሚቀርጸው ኅብረተሰቡ መሆኑ ቀረ?" አለኝ።

"ኧረ በጭራሽ! እኔ ያወራሁት ስለ ነርቩ ነው።"

በዚያ ሰሞን እንዲህ ተጠይቆ ያልፈራ ማን ነበር?

በተግባር ላሳየው ብዬ ከመካኒሳ ወንዝ ዳር አንዲት እንቁራሪት ያዝኩ። አደንዝዤ የዓይኗን ነርቭ ቆረጥኩ፤ ዓይኗንም የላዩን ወደ ታች ገልብጬ መለስኩት። ከሳምንታት በኋላ ነርቩ አድጎ ገጠመ። ክሮቹ ግን የዓይኑን መገልበጥ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት እየፈለጉ የድሮ ቦታቸው ገቡ። ዝንብ ከላይ ስናሳያት ምላሷን ወደ መሬት ትወረውራለች።

ጓድ መኩሪያ እንቁራሪቷን አየና፣ "ንቃት ይጎድላታል። ሥልጠና ይሰጣት፤ በየሳምንቱም ሪፖርት ይቅረብ" አለ።

ሰጠኋት። ጠዋት ዝንብ፣ ከሰዓት ዝንብ። እሷ ግን ሦስት ወር ሙሉ አፈር ስትልስ ከረመች። እኔስ ምን ብዬ ጻፍኩ? "ለውጥ እየታየባት ነው።" በመጨረሻው ሪፖርት "ሙሉ በሙሉ ታርማለች" አልኩና ተገላገልኩ። ሪፖርቱ ተወደደ፤ የጂኖቹ ትምህርት ከማስተማሪያ ጽሑፋችን ወጥቶ እሱ ገባበት። ይባስ ብዬ ፈተና አወጣሁበት፦ "ዓይኗ የተገለበጠ እንቁራሪት በሥልጠና ትታረማለች፤ እውነት ወይስ ሐሰት?"

መምህርት ገዲሴ፣ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ነበርሽ። ከክፍሉ "ሐሰት" ያልሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ኤክስ አደረግሁብሽ። ወረቀትሽን ይዘሽ መጣሽና "ጋሼ፣ እንቁራሪቷን እርስዎ አይተዋታል?" አልሽኝ። "ሪፖርቱን አንብቢ" አልኩሽ። ወረቀትሽን አጥፈሽ ወጣሽ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓይንሽን ለማየት አፍራለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው እውነት ግን ጡረታዬን ጠበቀ።

ጓድ ርዕሰ መምህር፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሪፖርቱ ውሸት ነው ብያለሁ፤ ከማስተማሪያ ጽሑፋችን ይውጣልኝ፣ የጂኖቹ ትምህርትም ይመለስ። ጓድ መኩሪያ፣ ልትከሰኝ ካሰብክ ለቡ ታገኘኛለህ፤ ቡት አድርገህ ና።

እንግዲህ፣ ጓድ መኩሪያ ካልከፋው፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ። ደጃችሁ ሰላም፣ ሥራችሁ የተባረከ ይሁን።

ገዲሴ፣ ያቺ ማርክ ያንቺ ነበረች። ከሰኞ ጀምሮ ክፍሌም ያንቺ ነው። እንዳንቺ የሚጠይቅ ተማሪ ያብዛልሽ፤ እንደኔ ካለው ፍርሃትም ይሰውርሽ።